ከኩይሳው የሚቆረሰው አፈር

አሮጊቷ ሙጂንጋ ከኩይሳው ሥር ተንበርክካ አፈሩን በቢላ ስትፈቀፍቅ ከኋላዋ ኮቴ ሰማች።

"ደህና አደሩ እማማ?"

የጎረቤቷ ልጅ ካባንዳ ነው፤ ከተማ ሄዶ ስለ አፈር የተማረው። መሰርሰሪያውን ትከሻው ላይ ጥሏል።

"ዛሬም መሬት ልትበሳ ነው? አስተምረው አስተምረው ፍልፈል አደረጉህ።"

ሳቀ። ቢላውን ሲያይ ግን ሳቁ ጠፋ። "አፈሩ ለማን ነው?"

"ለምራቴ ለሎቬነስ ነዋ። ሰባት ወሯ ነው። የኩይሳ አፈር ያልበላች ሴት ፅንሷ አይጸናም።"

ሎቬነስ ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ባለፈው ሳምንት ሆዷን ሲቆርጣት ሙጂንጋ ደንግጣ አፈሩን እጥፍ አድርጋላት ነበር።

"ከዚህ አይስጧት እማማ። አስመርምሬዋለሁ፤ እርሳስ የሚሉት መርዘኛ ብረት አለበት።"

"የማዕድን ማውጫው የሁለት ቀን መንገድ ነው። ማን አምጥቶ ጨመረው?"

"ማንም። ሰው ሳይነካውም አፈር ሁሉ ከሥሩ ካለው ድንጋይ የሚወርሰው ልክ አለው። አንዱ ጋ ጥቂት ነው፤ እዚህ ግን ብዙ ነው። ምስጡ ደግሞ ከጥልቅ እያወጣ ይቆልለዋል።"

"እግዜር የፈጠረው አፈር መርዝ ነው ልትለኝ ነው?"

"እባቡንስ ማን ፈጠረው?"

ሰው ያልነካው ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት የሙጂንጋ ስሕተት ብቻ አይደለም። ካባንዳ ውጤቱን ለወረዳው ሹማምንት ቢያቀርብ "ይሄማ የተፈጥሮ ነው" ብለው መዝገቡን ዘጉት። አሮጊቷ ባለማወቅ ነው፤ እነሱ ግን እያወቁ ነፍሰ ጡሮቹን ለድንጋዩ ትተዋቸዋል።

ካባንዳ ወደ ገላጣው ሜዳ አመለከተ። "እዚያ ዛፍ የማይበቅለው ለምንድን ነው?"

"ከዚያች ሐምራዊ አበባ በቀር ምን ይበቅላል? አያቴ መዳብ አቅላጭ ነበር። የሚቆፍረው እሷን እያየ ነው።"

"ማሽላስ ይዘራበት ነበር?"

"አብደሃል? መዳቡ ሥሩን ያቃጥለ..."

ወደ ጉልበቷ ሥር አየች። አበባዋ እስከ ኩይሳው ግርጌ ወጥታለች፤ የተንበረከከችውም በላይዋ ነው።

"እዚህ እርሳሱ ከመዳቡ ጋር ነው የሚተኛው" አለ ካባንዳ ቀስ ብሎ።

ሙጂንጋ ቢላውን ጣለች። "የቀደሙት ሁለቱስ? በእጄ ያጎረስኳት እኔ ነኝ።"

"እሱን አላውቅም እማማ። ይህኛው ግን በሕይወት አለ። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ትሂድና ደሟን ይዩላት። አፈር የሚያስመኛት ደም አንሷት ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ መድኃኒት አለው። ከበቆሎ ገንፎው ከንሺማው ጋር ባቄላና ቅጠል ትብላ። አፈሩን ከተወች እርሳሱ መጨመሩን ያቆማል፤ ለልጁ አካልም ለአእምሮውም ይበጃል።"

ሙጂንጋ አፈሩን ደፍታ ወደ ቤቷ ሮጠች። ሎቬነስ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አፈር ታኝካለች።

"ትፊው።"

"ምነው፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ..."

"እኔ ነኝ። አላወቅሁም ነበር። ትፊው ልጄ።"

ጣቷን ምራቷ አፍ ውስጥ ከትታ የቀረውን ጠርጋ አወጣች። ከዚያም ይዛት ወደ ጤና ጣቢያው መንገድ ጀመረች። በየመቶ እርምጃው ታስቆማትና መዳፏን ሆዷ ላይ ታሳርፋለች።

"ይንቀሳቀሳል?"

"ይንቀሳቀሳል እማማ።"

ጥቂት ሄደው ደግማ ጠየቀቻት።