ያልተቋጠረው ስፌት

ጣሊያን ምሽግ ውስጥ ለተከበቡት ወታደሮቹ ስንቅ ከአውሮፕላን በጃንጥላ ይጥል ነበር። አንድ ቀን አንዱ ጃንጥላ አየር ላይ ተተረተረና ከነጆንያው እኛ ገብስ ውስጥ ዘጭ አለ። ጎረቤቱ ዱቄቱን ሲሻማ አማቴ ጨርቁን ጠቅልለው ወደ ቤት ገቡ። ጥልፍ ሠሪ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑን መጋረጃ ጀምረው፣ ሐር የሚያመጣው ነጋዴ ስለቀረ አቁመውት ነበር። አንድ ክር መዘው በእሳት ለበለቡና አሸተቱት። «የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል። ሐር ነው» አሉኝ።

ቢገኝብን ቤታችን ይቃጠላል፤ በር ዘግተን ቶሎ ቶሎ ወደ ክር መለስነው። የተተረተረው ጋ ስንደርስ እጃቸው ቆመ። ሌላው ስፌት ድርብ ነው፣ በጥርስም አይበጠስ። ይሄኛው ከላይ ሲያዩት ያው ነው፤ ውስጡ ግን ክሩ በየስንዝሩ ተቆርጦ፣ ጫፉ ሳይቋጠር ታጥፏል።

«ሰፊዋ ቸኩላ ይሆናል፣ እማማ።»

«የቸኮለ እጅ ይዛነፋል። ይቺ ቀጥ አድርጋ ነው የሰፋችው።»

«ታዲያ ለምን ሳትቋጥረው ቀረች?»

አማቴ የተቆረጠውን ክር በጣታቸው ዳሰሱና ለመጋረጃው ከመዘዝነው ሐር ጋር ጨመሩት።

መጋረጃው ሲባረክ የረዳ ሁሉ በክርስትና ስሙ በጸሎት ይጠራል። አማቴ ወደ ቄሱ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ «አንዲት ሴት ቀርታለች፣ አባ» አሉ።

«ስመ ክርስትናዋ ማን ነው?»

«አላውቀውም። ጣሊያን አገር ናት።»

ቄሱ አማቴን አዩዋቸው፤ መጋረጃውን አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስሟን አንተ የምታውቅላትን ባሪያህን አስብ» አሉ።