በሩን ማን ዘጋው?

«መስኮት ክፈቱ» ሲባል «ብርድ ይመታናል» ብሎ የሚዘጋው ማን ነው? አንተ ነህ፣ አንባቢ፣ ወይስ ጎረቤትህ?

ባለፈው ቅዳሜ መኪናዬን ላሠራ ኬንት ከተማ ወዳለው የሹፌሮች ማኅበራችን ጋራዥ ጎራ ስል፣ የቦርዱ አባል ጋሽ ኃይለ መስቀልና ኢንጂነር መርሃዊት ሲከራከሩ ደረስኩ። መርሃዊት የምትሠራው ባለጸጎቹ በሚኖሩባት በቤልቪው ከተማ ነው፤ አባቷ ግን የእኛው ሹፌር ነው። ሐሳቧ ቀላል ነው። ከከተማ ርቆ ባለ አንድ የከብት እርባታ፣ ከእበት የሚወጣው ጋዝ በከንቱ ይቃጠላል። ተጣርቶ እጅግ ቀዝቃዛ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ቢቀዘቅዝ ግን ራሱም ፈሳሽ ሆኖ በታንከር ይጫናል፤ ለከባድ መኪኖቻችን ነዳጅ ይሆናል። ቦርዱ በማግስቱ ሊወስን ነበር። ጋሽ ኃይለ መስቀል «ይቅር» ካሉ ደግሞ «ለምን?» የሚል ሰው የለም። ይህን መከባበር የሚሉት አሉ፤ እኔ ስንፍና እለዋለሁ!

«ልጄ፣ ጋዝ እሳት ነው። እሳትን በብርድ ማሰር ምን የሚሉት ነው?»

«ጋሼ፣ ፈሳሽ ሲሆን እኮ መጠኑ ስድስት መቶ ጊዜ ያህል ያንሳል። አለዚያ በምን እንጭነዋለን?»

«እርባታው ውስጥ ፋብሪካ ልትተክሉ?»

«ትልቅ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም። ብርዱን ራሱን በታንከር ይዘንለት እንሄዳለን። ጋዙ በቱቦ ውስጥ ያልፋል፣ ናይትሮጅኑ ከውጭ ሆኖ ሙቀቱን ይወስድለታል። አይቀላቀሉም።»

«ከመጠን በላይ ቀዝቅዞ ቱቦው ውስጥ በረዶ ቢሆንስ?»

መርሃዊት ሳቀች። «ጋሼ፣ ከቦርዱ ይህን የጠየቀኝ የለም! ናይትሮጅኑን በግፊት እንይዘዋለን፤ ያኔ ብርዱ ይለዝባል፤ ጋዙ ፈሳሽ ይሆናል እንጂ በረዶ አይሆንም።»

ልታሳየን ወደ ጠባቧ የዕቃ ክፍል ይዛን ገባች፤ በሩን በጎማ አስደግፋ «እንዳይዘጋ» አለች። ትልቅ ፔርሙዝ ከመሰለ ዕቃ ናይትሮጅኑን ድስት ውስጥ ስትገለብጠው ነጭ ጉም ወለሉን ሞላው። ጀርባዋን እንደሰጠችን ጋሼ ጎማውን በእግራቸው ገፋ አድርገው በሩን ዘጉት።

«ነፋሱ ወገቤን ያዘኝ» አሉኝ በሹክሹክታ።

ብዙም ሳይቆይ የመርሃዊት ደረት ላይ ያለው የአየር መለኪያ ጮኸ። በሩን በትከሻዋ በርግዳ ሁለታችንንም ጎትታ አወጣችን።

«መርዝ ነው እንዴ?» አሉ ጋሼ እያለከለኩ።

«መርዝ አይደለም። ናይትሮጅኑ ሲተን የምንተነፍሰውን አየር ቦታ ይይዛል፤ አይሸትም። በሩ ክፍት ከሆነና መለኪያው ካለ ችግር የለም። እርባታው ላይ ደግሞ ሥራው ሜዳ ላይ ነው።»

ሽማግሌው ጎማውን ትክ ብለው አዩት። «ብርዱን ስፈራ፣ ለካ ልፈጃችሁ የነበርኩት እኔ ነኝ። ነገ ‹ይቅር› አልልም። ግን ሹፌሩ ሁሉ ይህን ሳይማር ታንከር አይነካም።»

«ኦኬ፣ ሶ ትምህርቱን እርስዎ ይምሩልን።»

«ደግሞ አለቃ አደረግሽኝ!»

በማግስቱ ጋሼ በቦርዱ ፊት የራሳቸውን ስሕተት ሳያፍሩ ተናገሩ። የሚባክነው ጋዝ ነዳጅ እንደሚሆን፣ ሰፈራችንም ከናፍጣ ጭስ እንደሚያርፍ፣ ወጣቶቻችን እዚሁ የሚኮሩበት ሙያ እንደሚያገኙ አስረዱ። አባላቱ አጨበጨቡ። ሊቀመንበሩ አቶ እዮብ ግን ምክንያት ሳይሰጡ «ይቆይ» ብለው ስብሰባውን በተኑ።

አቶ እዮብ፣ ጋሽ ኃይለ መስቀል የዘጉትን በር በሰው ፊት ከፍተዋል። እርስዎ የፈሩት ምንድን ነው? በሚቀጥለው እሑድ ማኅበርተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆመው ይመልሱ!