ጣሪያ ላይ የቀረችው ልጅ

ፈሀድ ከጦር ኃይሎች ወደ ዓለም ባንክ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ጥግ ላይ ተወሽቋል። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ፣ አፍና አፍንጫውን በማስክ ሸፍኖ፣ በሆዱ አንድ ንግግር ይለማመዳል። ዛሬ ከሰዓት ለኢክላስ ከሌላ ልጅ ቤት ሽማግሌ ሊላክ እንደሆነ ሰምቷል። ኢክላስ ማለት «ሽማግሌ እልካለሁ፣ ትንሽ ታገሺኝ» እያለ ዓመት በዓመት ላይ ያስቆጠራት ልጅ ናት። ሰሞኑን ደግሞ ስልኩን አታነሳም። እንግዲህ ቀድሞ ደርሶ፣ በራፏ ላይ ቆሞ፣ «ስለ አላህ ብለሽ መልሻቸው» ሊላት ነው አካሄዱ። አንዴ ከቆረጠ ቆረጠ፤ ለዚያውም ዛሬ ገና መቁረጡ ነው።

ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ሲል ሁለት ሴቶች ገብተው ከፊቱ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንደኛዋን ሲያይ ክው አለ። ሰዓዳ! የኢክላስ አክስት! ሰዓዳን የሚያውቅ ሰው ስድቧን አይፈራም፤ የሚፈራው ሙገሳዋን ነው። አጠገቧ ያለችው ጎረቤቷ ብርቅዬ ናት፤ ሁለቱም ጭናቸው ላይ ጥቅጥቅ ያለ ፌስታል አቅፈዋል። ሰዓዳ ዞር ብላ የኋላውን ወንበር በዓይኗ ዳሰስ አደረገችና ምንም እንዳላየ ሰው ፊቷን መለሰች። ፈሀድ በሆዱ አልሐምዱሊላህ አለ። ለምስጋና ግን ቸኩሏል።

«ኡፍ… ብርቅዬ፣ እስቲ መስኮቱን ከፈት አድርጊልኝ። ሰማዩን አየሽው? ሊጥለው ነው። እኔ ደግሞ ልብስ አስጥቼ ነው የወጣሁት። ልጆቹን አስገቡ ብላቸው የት ይሰሙኛል? ፊልም ላይ ተጥደው! ያንን የሚበረውን ሰውዬ እያዩ እኮ እንኳን ዝናብ፣ ቤቱ ቢፈርስባቸው አይነሡም። አንድ ቀን እስቲ ምን ቢሆን ነው ብዬ አብሬያቸው ቁጭ አልኩልሽ። እንደው ልጠይቅሽ… አንድ ሰው መብረር እየቻለ መኪና በእግሩ የሚያባርረው ለምንድን ነው? ፊልሙ እስኪጋመስ ሮጠ፣ አለከለከ፣ ጫማውን ጨረሰ። መጨረሻ ላይ ትዝ ሲለው በረረ! እስከዚያ የት ነበር መብረሩ? አስይዞት ነበር? ያ ካባውስ? ያን የሚያህል ጨርቅ አንጠልጥሎ እዚህ ታክሲ ውስጥ ቢገባ በሩ ይዞት አይቀርም?»

ብርቅዬ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ፈሀድም በማስኩ ውስጥ ፈገግ አለ። ወሬው የፊልም ወሬ ነው፤ የፊልም ወሬ ደግሞ እንጀራው ነው።

«የሳቅኩትስ በዓይን መሸፈኛው ነው። እንዲህ ዓይኑ ላይ ጨርቅ ጣል አደረገና… እናቱ አጣችው! የወለደችው እናቱ ‹አንተ ማነህ?› አለችው። አይ የነሱ አገር ሰው፣ እንዴት ያለ የዋህ ነው! እኛ ሰፈር ቢሆን እኮ እንኳን ዓይኑን፣ ከነአፍንጫው በማስክ ተጠቅልሎ፣ ኮፍያ ደፍቶ፣ ጥግ ላይ ቢወሸቅ… በጆሮው እንለየው የለ? ውሸቴን ነው?»

የፈሀድ እጅ ሳያዝዘው ወደ ጆሮው ሄደ። የፈሀድ ጆሮ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በኮፍያ የሚሸፈን ዓይነት ጆሮ አይደለም። ለመውረድ ቃጣው። ግን መውጫው በሰዓዳ ጉልበት በኩል ነው፤ ታክሲውም መንገዱ ተዘጋግቶበት ቆሟል።

«እሱስ ይሁን፤ እኔን ያቃጠለኝ የልጅቷ ነገር ነው። ሰውዬው አቅፎ ወሰዳትና ፎቅ ጣሪያ ላይ አስቀመጣት። ‹እዚህ ጠብቂኝ፣ መጣሁ› አላት። ሄደ። ተዋጋ፤ ከተማውን አፈራረሰው፤ ማን እንደሚጠርገው እሱ ምን ቸገረው! አሸነፈ፤ ተጨበጨበለት፤ አለቀ። እሺ… ልጅቷስ? ክፍል ሁለትን ከፈትን፤ የለችም። ክፍል ሦስት… ስሟም አይነሣ። አንድ ሰው እንኳን ‹ያቺ ልጅ ወረደች ወይ?› አይልም? ብርድ አለ፣ ሰው ናት፣ ይርባታል፣ ዕድሜዋ ይሄዳል… ትንሿ ልጄን ‹ምን ትሆን ይሆን?› ብላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹እማ፣ መሰላል ያለው ሌላ ሰው መጥቶ ያወርዳታላ!› አትለኝም?»

ፈሀድ ኮፍያውን ይበልጥ ወደ ታች ሳበ።

«ግን የተረጎመውን ልጅ ላመስግነው። አቤት ድምፅ! ማር እኮ ነው! ወንዱን እሱ፣ ሴቷን እሱ፣ ሕፃኑን እሱ፣ ውሻው ሲጮኸም እሱ ነው የሚጮኸው። አንድ ሰው ይሄን ሁሉ ሰው መሆን ይችላል? እንግዲህ አንድም ቀን ራሱን ሆኖ ሲናገር የሰማው የለም… ጊዜ የት አግኝቶ! ደግሞ ፊልሙን ቀድሞ አያየውም አሉ። እዚያው እያየ ነው የሚተረጉመው። የጀግናውን አሳዳጊ ሽማግሌ ጋደም ብለው አያቸውና ‹አሳዳጊው ሞቱ!› ብሎ እንዴት ያለ ለቅሶ አለቀሰልሽ መሰለሽ! እኔ ራሴ በሻሼ ጫፍ እንባዬን ጠረግኩ። ለካ ሰውዬው እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸው ነው። ትንሽ ቆይተው ተነሥተው ፊታቸውን ታጠቡ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል አይደል? እሱ እቴ! ‹ይህ ደግሞ መንትያ ወንድማቸው ነው› ብሎ ቀጠለ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ታይቶ ይታወቃል? የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዛሬም ድረስ ሰውዬው መንትያ አላቸው ብሎ ነው የሚምለው!»

እውነቷን ነው። ተርጓሚው ፈሀድ ነው፤ በዚያ መንትያ ሲኮራ ነው የኖረው፤ ለስንቱ አውርቶታል። ቀድሞ ካየው ስሜቱ ይጠፋብኛል ነው የሚለው። አሁን ግን ያ መንትያ ጀርባው ላይ ላብ ሆኖ ወረደበት፤ ምክንያቱም ሰዓዳ ወዴት እንደምትሄድ ገባው።

«ይሄ ነገር አንድ ሌላ ልጅ አስታወሰኝ… ከዚህኛው ጋር አይገናኙም፣ ስም ማንሣትም ነውር ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ እንዲያውም ከጨዋነቱ ብዛት አንዲት ልጅ ቤት ሽማግሌ ልላክ ብሎ ሰው ማስቸገር ከበደው። በመጀመሪያ አጎቱ አገር ቤት ሄዱ። ተመለሱ ሲባል እግራቸውን አመማቸው። እግራቸው ሲሻላቸው ረመዳን ገባ። ረመዳን ወጣ… እንግዲህ ምን ይቀራል? ‹አጎቴ ሞተ፣ ሐዘን ላይ ነኝ› አላት። እኛ ምን እናውቃለን ብርቅዬ? ሰው ሞተ ሲባል ክፍል ሁለት እስኪወጣ አንጠብቅ። ለቅሶ እንደርሳለን!»

ወይ ፈሀድ! ለኢክላስ በስልክ ነበር ያላት፤ ትንሽ ፋታ ትስጠኝ ብሎ። ኮልፌ ውስጥ ሰው ሞተ ማለት ሰፈሩን በሙሉ ና ብሎ መጥራት መሆኑን እንዴት ረሳው? ሄደው ነበር እንዴ? የምሯን ነው? ማንም አልነገረውም እኮ!

«ከእናቷ ጋር ጥቁር ሻሻችንን አስረን፣ ሁለት ሦስት ሴቶች ይዘን ዘነበወርቅ ወረድን። ሰፈሩ ጭር ብሏል። ድንኳን የለ፣ ወንበር የለ። ‹ምስኪን፣ ሰው እንኳን የላቸውም› ብዬ ገና በሩ ላይ ሳልደርስ ጩኸቴን ለቀቅኩት። በሩ ሲከፈት ቀና ብዬም አላየሁ፤ አንገቴን ደፍቼ ‹እንዴት ያለ ሰው አጣን! አላህ ጀነትን ይወፍቃቸው!› እላለሁ። ‹ማንን ነው ልጄ?› አሉኝ። ‹ሐጂን ነዋ!› ስላቸው… ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ፣ መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡና ‹ሐጂ እኔ ነኝ› አይሉኝም! አንቺ ሙቺ፣ ‹መንትያ ነበረዎት እንዴ?› ብዬ ጠየቅኳቸው። የፊልሙ አመል ይዞኝ! የለኝም አሉ። ከዚያ ሟቹ ራሳቸው አስገብተው ምሳ አብልተው ሸኙን።»

ታክሲው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይስቃል። ሾፌሩ መሪውን በመዳፉ እየመታ ይስቃል።

«እኛም ስቀናል፤ የልጅቷ እናት ግን አልሳቀችም። ሐጂ ‹ልጅቷ ማን ናት?› ሲሉ ነው አንገቷን የደፋችው። በዚህ ሁሉ ዓመት ስሟን ሰምተው አያውቁም ብርቅዬ! የሄዱበትን አገርም አልሰሙ፣ የታመሙትን እግርም አልሰሙ፤ መሞታቸውን እንኳን ከእኔ ነው የሰሙት። ደግሞ እዩት የአላህን ሥራ… ለካ በዚያው ሰሞን የሰፈራቸው ልጅ፣ ኢብራር የሚባል፣ ለዚችው ለኢክላስ ሽማግሌ ይሁኑኝ ብሎ ለምኗቸው ኖሯል። ያለ ካባ፣ ያለ ጭንብል፣ በሁለት እግሩ መጥቶ። ሐጂ ነገሩን ሲሰሙ ‹እንግዲያውስ የኔ ልጅ ይቀድማል› አሉ። ‹አንዴ ልጠይቀው፤ አፉን ከከፈተልኝ ለእሱ እመጣለሁ› አሉ። ጠየቁት። ‹ልትነግረኝ የምትፈልገው ነገር የለም ወይ ልጄ?› አሉት… እንግዲህ ጨዋ ልጅ አይደል? ሽማግሌ አያስቸግርም። ‹የለም› አላቸው።»

ያ ራት ፈሀድ ዓይን ላይ መጣ። ሐጂ ኑሕ፣ አባቱ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጉት አጎቱ፣ ዳቦውን ቆርሰው በእጃቸው እንደያዙ ያዩት ነበር። ጠየቁት። «የለም አባባ፣ ሥራም ደህና ነው» አለና ጎረሰ። ኢክላስን ይወዳታል፤ ወላሂ ይወዳታል፤ ሌላ ሰው አስቦም አያውቅ። ግን «በምን ልታስተዳድራት ነው? በፊልም?» ይሉኛል ብሎ ፈራ። ያኔ ያዩት የነበረው ለካ አንድ ቃል እየለመኑት ነበር። በስንቱ ፊልም ሰው ሲያስለቅስ የኖረ አፍ ያቺን አንዲት ቃል አጣ።

«ለዛሬ ከሰዓት ነበር የተባለው። ሐጂ ግን ‹ደግ ነገር አይውልም አያድርም› ብለው በጠዋት ይዘዋቸው ከተፍ አሉ። ሟቹ! ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከፊት ሆነው! ልጅቷ ተጠየቀች። ስታለቅስ ነው የከረመችው፣ አልዋሽሽም። ዛሬ ግን ‹እሺ› ስትል ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ይኸው እኛም ለኒካሑ የጎደለውን ልንሸማምት ስንዞር አረፈድን… ውይ! ወራጅ አለ! እዚህ ጋ አውርደን ወንድሜ፣ አለፍነው እኮ!»

ታክሲው ጥግ ያዘ። የፈሀድም መውረጃ እዚሁ ነበር። ከወንበሩ አልተነሣም፤ ወርዶስ ማን በራፍ ላይ ሊቆም ነው? ሰዓዳ ፌስታሏን እየሰበሰበች ተነሣችና፣ ፊቷን ወደ ብርቅዬ፣ ድምፅዋን ወደ ኋላ ወንበር አድርጋ ቆመች። ቁጣ የሚባል ነገር ፊቷ ላይ የለም፤ እናት ልጇን ስታባብል የምታወጣው ድምፅ ነው ያወጣችው።

«ብቻ ብርቅዬ፣ ያንን ልጅ በክፉ አላነሣውም። ምን በደለ? አላህ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጠው። ያንን የመሰለ ድምፁን አይንሣው። ጢሙ እስኪሸብት፣ ወገቡ እስኪጎብጥ ያኑረውና… ኢክላስ ወንድ ልጅ ወልዳ፣ ልጇ አድጎ፣ ለወግ ለማዕረግ በቅቶ፣ የሰው ልጅ ለትዳር በሚያስጠይቅበት ቀን፣ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ከፊት ሆኖ፣ ሽማግሌ የሚሆንላት እሱን ያድርገው። አሚን በይ እንጂ!»

ምርቃት ሰምቶ ዝም የሚል ተሳፋሪ የለም። ብርቅዬ አሜን አለች፣ ረዳቱ አሜን አለ፣ ሾፌሩም አሜን አለ። ፈሀድም አሚን አለ።