ሮብ የሚባለው ሰው ውርጌሳ ነበር

(ጎሚስታው አቶ በላቸው፣ መርሳ ከተማ ካለው ሱቃቸው ደጃፍ ላይ፣ ጎማ ለሚያሠሩ ሹፌሮች እንዳጫወቱት)

በእኛ ጊዜ ስም ለማውጣት እንደ ዛሬው ሞባይል አይበረበርም። ልጅ ተወለደ፣ ዕለቱ ምንድን ነው? ሰኞ። በቃ፣ ሰኞ ይባላል። እሑድ ከሆነ ሰንበቱ ነው፣ ሴት ከሆነች ሰንበቴ። እስላሙም እንደዚያው ጁምዓ ይላል፣ ከሚስ ይላል። የክርስትና ስሙንማ ቄሱ ያውቁታል፣ ሰፈር የሚጠራው ግን ቀኑን ነው። የእኔ አጎት ቅዳሜ ነበር የሚባለው፣ ነፍሱን ይማር፣ ቅዳሜ ብለህ ከጠራኸው ከየትም ይሰማሃል። ታዲያ እነዚያ ሁሉ አለፉ፣ እኔም በቀን የሚጠራ ሰው በዚህ አገር አልቋል ብዬ ደመደምኩ። አንተ ሹፌር፣ ምን ታየኛለህ፣ ጎማህ ገና ነው፣ ሙጫው ይድረቅ፣ ቁጭ በል።

ይህን ያመጣሁት ወድጄ አይደለም፣ የተረቴ ነገር ነው። እኔ ጎማ እለጥፋለሁ፣ ጎማ የሚያሠራ ሰው ደግሞ ይሰለቸዋል፣ እና አጫውተዋለሁ። ስጀምር ጊዜ የሰው ስም ነበር የምጠቀመው። «ከበደ የሚባል አንድ ሞኝ ነበር» አልኩ አንድ ቀን። በማግስቱ ባለ ወፍጮው ከበደ መጣ።

«በላቸው፣ ምን አድርጌህ ነው?»

«አንተን አይደለም።»

«ታዲያ ማንን ነው?»

እና ተቀየመኝ፣ እህል ስንልክ ከሰው ሁሉ ኋላ ነበር የሚፈጭልን። እሺ ብዬ ይማም አልኩት። መርሳ ላይ ስንቱን ይማም ቆጥረህ ትጨርሳለህ? ጨርቅ ነጋዴው ይማም፣ ይኸው ፊት ለፊት ያለው፣ «ወላሂ በላቸው፣ አሁንስ አበዛኸው» ብሎ ሱቁን ዘግቶ መጣብኝ። ታዲያ ተቀምጬ አሰብኩ አሰብኩና፣ ቀኖቹን ለምን አልጠቀምም አልኩ። ሰኞ አይከሰኝ፣ ማክሰኞ ደጄ መጥቶ አይቆም። ሌባውን ሐሙስ አልኩት፣ አንዷን ምላሰኛ ሴትዮ ቅዳሜ አልኳት፣ አጎቴ እንደሆነ ሞቷል። ሞኙን ደግሞ ሮብ አልኩት።

እና ሮብ ወጣለት፣ ከሁሉ እሱ ተወደደ። እናንተ ሹፌሮች ናችሁ ያዛመታችሁት፣ አሁን ሌላ ሰው አትምሰሉ። ከዚህ ይሰማል፣ ወልዲያ መናኸሪያ ያወራዋል፣ ሐራ ይደርሳል፣ ውርጌሳ ይደርሳል። ኋላማ ሰው ሲሳሳት «ምነው ሮብ ሆንክ» መባባል ተጀመረ። እኔም ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ዳዊት የሚባል ልጅ አለኝ፣ ወልዲያ አስተማሪ ነው። አንድ ቀን መጣና ከእናቱ ከዘነቡ ጋር ጓዳ ገብተው ይንሾካሾካሉ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩ።

«ልጅህ ሚስት ሊያገባ ነው» አለች ዘነቡ።

«እሰይ። የማን ልጅ ናት?»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። «የማን ልጅ ናት አልኩ እኮ።»

«እመቤት ትባላለች» አለ ዳዊት፣ «ነርስ ናት፣ አገሯ ውርጌሳ ነው።»

«አባቷስ?»

«አባዬ፣ አትቆጣ።»

«ለምን እቆጣለሁ፣ ሌባ ነው?»

«ኧረ ጨዋ ሰው ናቸው። ፓፓያና ብርቱካን ያለማሉ። ስማቸው ግን... ሮብ ነው።»

«የምን ሮብ?»

«ሮብ ነው ስማቸው። አቶ ሮብ።»

እኔ ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ ነው፣ ከት ብዬ ነው የሳቅሁት። እነሱ አይስቁም። ኋላ እኔም ሳቄን ተውኩ።

«ተረቱን ሰምተውት ይሆን?» አልኩት።

«ውርጌሳ ላይ ያልሰማ የለም፣ አባዬ» አለኝ። ልጅቷም አባቴ እምቢ ካለ ተወው፣ ከአባቴ ፈቃድ ወጥቼ አላገባም ብላዋለች። ልጄ ፊቱ ጠቁሮ ነበር፣ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ሽማግሌ ላክን። ሐጂ ይመርን እና መምሬ ታዬን፣ ሁለቱም የተከበሩ፣ አንደበታቸው የሚጣፍጥ። ሄደው መጡ፣ ግን ሲመጡ ሐጂ ይመር ጢማቸውን እያሻሹ ዓይኔን አያዩም።

«ምን አሉ?»

«ሸጋ አድርገው ተቀበሉን፣ አበሉን አጠጡን። የማን ልጅ ነው አሉ። የመርሳው ጎሚስታ፣ የበላቸው ልጅ ነው አልን። ያ ተረት የሚያወራው? አሉ። አዎ አልን፣ ምን እንበል፣ እንዋሽ?»

«ከዚያስ?»

«እሱ ራሱ ይምጣ አሉ። እሱ ካልመጣ መልስ የለኝም አሉ።»

«መቼ?»

መምሬ ታዬ ዞር ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሳቅ ነው። «ሮብ ቀን ይምጣ ብለዋል» አሉኝ ሐጂ።

ዘነቡ ምን እንዳለችኝ ልንገራችሁ? «ያ አፍህ ልጄን ሊያስቀርብኝ ነው፣ ሂድና ያበላሸኸውን አብጅ» አለችኝ። እኔ ምን አጠፋሁ? ሰው እንዳላስቀይም ብዬ አይደል ቀን የመረጥኩት? ግን ይህን ለዘነቡ ማን ይነግራታል፣ ለበስኩና ሄድኩ።

ሮብ ዕለት ጋቢዬን ደርቤ ከሐጂ ይመር ጋር ሚኒባስ ተሳፈርን። ገና ሳንወጣ ረዳቱ፣ «ጋሼ በላቸው፣ እስቲ የሮብን ተረት አንድ ጊዜ፣ መንገዱ ይጠርልን» አይለኝም? ዝም በል አልኩት። «ምነው፣ ዛሬ እኮ ራሱ ሮብ ነው» ይለኛል። ሐጂ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እስከ ውርጌሳ ድረስ እንደዚያው እየሳቁብኝ ሄዱ።

አቶ ሮብ ረጅም ሰው ናቸው፣ ዱላቸውን ይዘው ከደጅ ቆመው ጠበቁን፣ ጥርሳቸው አይታይም። ይግቡ አሉ፣ ገባን። ይቀመጡ አሉ፣ እኔ ለልመና የመጣሁ ሰው ቆሜ ልለምን አልኩ። «ይቀመጡ ብያለሁ» አሉ፣ ተቀመጥኩ። ሽሮ ቀረበ፣ ጾም አይደል፣ በላሁ። ከዚያ ሐጂ ይመር ተነሥተው «ቢስሚላህ፣ የመጣንበት ጉዳይ...» ብለው ሲጀምሩ አቶ ሮብ እጃቸውን አነሡ።

«ጉዳዩ ይቆየን። መጀመሪያ ያንን ተረት ከአቶ በላቸው አፍ ልስማው። ሰው ሁሉ ይነግረኛል፣ ከባለቤቱ ግን ሰምቼው አላውቅም።»

እና ጀመርኩ። «አንድ ሐሙስ የሚባል ሰው ነበር...»

«ማን?»

«ሐ... ሙስ።»

«አቶ በላቸው፣ እኔ ሐሙስ አልባልም» አሉ።

ሐጂ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ፣ በቃ ተናገር ማለታቸው ነው። ምን አመጣለሁ? አወራሁት። «ሮብ የሚባል ሰው ነበር። ሚስቱ ቅዳሜ ትባላለች። አንድ ቀን ማለዳ፣ ‹ሰማህ ወይ ሮብ፣ ይችን ፍየል ወልዲያ ገበያ ወስደህ ሽጥ፣ ወልዲያ አልኩህ፣ ወልዲያ› አለችው። እሺ አለ። ፍየሏን ጎትቶ ገና ከአጥሩ ሲወጣ ጎረቤቱ አገኘው። ‹ሮብ፣ ወዴት ነው?› ‹ፍየሏን ልሸጥ።› ‹እኔ ፍየል ፈልጌ ነበር፣ እገዛሃለሁ።› ‹ትገዛኛለህ?› ‹እገዛሃለሁ።› ‹እንግዲያው ና፣ ወልዲያ እንሂድ።› ‹ለምን? እዚሁ ስጠኛ።› ‹አይሆንም፣ ወልዲያ ሽጥ ነው የተባልኩት።› እና ሁለቱም ፍየሏን መሃል አድርገው በእግራቸው ወልዲያ ሄዱ። ገበያው መሃል ገቡና ‹በል አሁን ግዛኝ› አለው፣ ገዛው። ከዚያ ሁለቱም፣ ፍየሏም፣ በእግራቸው ተመልሰው ከዚያችው አጥር ሥር ደረሱ።»

የፈራሁትን ሁሉ ረስቼ፣ አወራሩ ይዞኝ፣ የፍየሏንም ድምፅ አሰምቼ ነበር። ከጓዳ የሴት ሳቅ መጣ፣ ባለቤታቸው ናቸው፣ ማቆም አቃታቸው። ሐጂም ሳቁ። አቶ ሮብ አልሳቁም።

«ይች እመቤት» አሉ፣ «አምስተኛ ክፍል ሳለች ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች። አባትሽ ፍየሏን ሸጣት ወይ ብለዋት ነው። ስሜን ያወጣችልኝ እናቴ ናት። ሮብ ቀን በምጥ ልትሞት ደርሳ፣ ሮብ ቀን ማርያም ማረቻትና፣ ደስ ብሏት ሮብ አለችኝ። በሕይወቷ ሙሉ ሮብዬ እያለች ጠርታኛለች። ኋላ ገበያ መሃል ሰው ሮብ ብሎ ሲጠራኝ መዞር ፈራሁ።»

አንገቴን ደፋሁ። አዘንኩ፣ ከልቤ ነው ያዘንኩት። በስሙ የሚጠራ ሰው አለ ብዬ አላሰብኩማ። በቃ የልጄ ነገር አበቃለት አልኩ በሆዴ።

አቶ ሮብ ዱላቸውን ወለሉ ላይ ተከሉና፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አሉ። «ያ ጎረቤቱ ስሙ ማነው?»

«የቱ ጎረቤት?»

«ፍየሏን የገዛው።»

«ስም... የለውም።»

«ለምን?»

«እንጃ። ሞኙ ሮብ ስለሆነ ነዋ።»

«ሮብማ የሚስቱን ቃል ጠበቀ። የወልዲያንም ገበያ አየ፣ ፍየሏ ምን እንደምታወጣ አወቀ፣ ሸጦም ገባ። ያኛው ግን ከደጁ የቆመችን ፍየል ለመግዛት ወልዲያ ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ ከዚያው እየጎተተ ይዟት የተመለሰው፣ እሱ ምኑ ነው ብልህ?»

አያችሁ? ስንት ዘመን ሳወራው እኔ ይህን አላሰብኩትም። ሐጂ ይመር፣ «ሱብሐን አላህ፣ እውነት ነው እኮ» አሉ።

«እንግዲያው አሁን ስም ያውጡለት» አሉ አቶ ሮብ።

«አርብ ልበለው?»

«አርብ የሚባል የበሬ ነጋዴ እታች ሰፈር አለ።»

«ማክሰኞስ?»

«የሚስቴ አጎት ነው፣ አሁን ይመጣል።»

«ሰንበቱ?»

«የዕድራችን ዳኛ ነው።»

እኔ አልቀዋል ስል ለካ ሁሉም ውርጌሳ ናቸው። «ታዲያ ማን ልበለው፣ አቶ ሮብ? ማንም የማይቀየምበት ስም ከየት ላምጣ?»

«አንድ አለ» አሉ።

«የቱ?»

«በላቸው።»

እና ያን ጊዜ ሳቁ። እንዴት ያለ ሳቅ መሰላችሁ፣ ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ። «በላቸው የሚባል ሞኝ ጎረቤት ነበረው እያሉ ሲያወሩ ልስማ፣ በመርሳም፣ በወልዲያም። ያን ዕለት ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ። እዚያው ተነሥቼ አወራሁት። ሮብ ቀን ና ሲሉኝ ሮብ ቀን የመጣሁት እኔ፣ በገዛ አፌ ፍየሏን እየጎተትኩ ከወልዲያ ተመለስኩ። ባለቤታቸው እልል አሉ፣ ሐጂ መረቁ፣ ልጄ በዚያው ዓመት አገባ።

እና ዛሬ እንደዚያ ነው የማወራው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «ጋሼ በላቸው፣ ፍየሏን ገዟት?» ይሉኛል፣ ገዛኋት እላለሁ። ዘነቡ ብቻ ናት ያልተስማማት፣ የሞኝ ሚስት አደረግኸኝ ትላለች። ባለፈው ዳዊት ሴት ልጅ ሲወልድ፣ አቶ ሮብ ደወሉልኝ።

«በምን ቀን ተወለደች?»

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ በእርስዎ ተረት ምን ነበር ያደረገው?»

«በቆሎ ሰርቋል።»

«እንግዲያው ሌላ ስም ይፈለግላት» አሉ፣ ደስታ አልናት። እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ነው፣ በሰው ስም መሳቅ የምትፈልግ ከሆነ ከራስህ ጀምር፣ ከዚያ ማንም ደጅህ አይመጣም። በል ሹፌር፣ ጎማህ ደርሷል፣ ውሰድ። ቆይ ግን፣ ያ ሚኒባስ የውርጌሳው ነው። ይኸው ወረዱ፣ እኒያ ዱላ የያዙት፣ ለእመቤት ፓፓያ ይዘው። ዝም በሉና ስሙን።

«እንደምን ዋሉ፣ አቶ በላቸው?»

«እግዜር ይመስገን፣ አቶ ሮብ።»

«ቤተሰቡ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ፍየሏስ?»

«ደህና ናት፣ ልሸጣት አስቤ ነበር።»

«ታዲያ እኔ አለሁ አይደል፣ እዚሁ ልግዛዎት።»

«አይሆንም፣ ወልዲያ እንገናኝ።»