ያልተመዘነው ብቅል

በውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ የምትሠራው ወጣት ከሥራ ወጥታ ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ መታጠፊያው ላይ ከአጎቷ ጋር ፊት ለፊት ተጋጠመች። አጎቷ ጡረታ የወጡ የአውቶብስ ሾፌር ናቸው። ሰፈሩ የሚያውቃቸው «ፍሬን የለሽ» በሚለው ቅጽል ስማቸው ነው፤ ስሙ የወጣላቸው ግን ስለ አነዳዳቸው ሳይሆን ስለ አነጋገራቸው ነው። ያን ዕለት ከረጢት ተሸክመው፣ ፊታቸው በላብ ወርዝቶ ነበር።

«ነይ ያዥልኝ እንጂ! የተማረ ሰው ሸክም አይነካም የሚል አዋጅ ወጥቷል?»

«ምንድን ነው እሱ ጋሼ?»

«ብቅል ነዋ። በቆርቆሮ የሚሸጠውን የብቅል ሽሮፕ በውሃ በጥብጦ ቢራ ጠመቅሁ ማለት ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። ከእህሉ ነው የምነሣው! በወንድሜ ወፍጮ ቤት አስፈጭቼው መምጣቴ ነው።»

ልጅቱ «ወንድሜ» የሚለውን ቃል ከአፋቸው ስትሰማ ልቧ ሞቀ። ሁለቱ አጎቶቿ በአባታቸው ቤት ክፍፍል ተኳርፈው ለዓመታት አልተነጋገሩም ነበር። እሷ ከሩቅ አገር ትምህርቷን ጨርሳ ስትመለስ፣ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ እየተመላለሰች፣ እየለመነችም እየተቆጣችም፣ በአንድ ማዕድ ካስቀመጠቻቸው ገና ወር አልሞላም። ይህ ብቅል ታላቁ ከታናሹ የጠየቁት የመጀመሪያው ውለታ ነው።

«ሲሰጧቸውና ሲቀበሏቸው መዘኑት?» ብላ ጠየቀች።

ሾፌሩ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ምን አልሽ?»

«ሲያስረክቡ ስንት ኪሎ ነበር፣ ሲረከቡስ ስንት ሆነ?»

«የእናቴን ልጅ ሚዛን ላይ ላውጣው? አንቺ ልጅ፣ የሄድሽበት አገር ሕፃኑ ጡት የሚጠባው በሊትር ነው እንዴ?»

በዘመድ መካከል ሚዛን ማውጣት ነውር ነው የሚለውን ልማድ እሷም ከልጅነቷ ታውቀዋለች። ትምህርት ቤት ደግሞ ያልተለካ ነገር አይታወቅም ብሏታል። ከሁለቱ የቱን እንደምታምን አንዳንድ ቀን ራሷም ይጠፋታል። ስለዚህ የሚዛኑን ነገር ትታ ከረጢቱን በአንድ ጎን ያዘችላቸው። መተዋ ግን ደግ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት አጎቷ ጓሮ ስትደርስ ብቅሉ በርሜል ውስጥ በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፏል። ከቦርሳዋ አንገቷ ቀጭን፣ ሆዷ ወፈር ያለ የመስታወት መለኪያ አወጣች።

«ይቺ ደግሞ ምን ታደርጋለች? ምላሴ እያለልኝ!»

«ምላስዎ ጣፈጠ ይላል እንጂ ምን ያህል እንደጣፈጠ አይልም ጋሼ። ይህ ብቅል ሊሰጥ የሚችለው ስኳር መቶ እጅ ቢሆን፣ ስንቱ እጅ ድስታችን ውስጥ ገባ? ስንቱስ ከገለባው ጋር ቀረ? ስኳር የበዛበት ውሃ ስለሚከብድ መለኪያዋ ከፍ ብላ ትንሳፈፋለች፤ ካነሰ ትሰምጣለች።»

«የነዳጅ መለኪያ በይኝ። እኔ ያን ሁሉ ዘመን የነዳሁት የነዳጁ መርፌ ተሰብሮ ነው።»

«ስንት ጊዜ መንገድ ላይ ቆሙ?»

«እሱን ተይው።»

የመጀመሪያው ጣፋጭ ውሃ በበርሜሉ ቧንቧ ወደ ትልቁ ድስት ወረደ። ቀጥሎ፣ እህሉ ላይ የቀረውን ስኳር አጥቦ እንዲያወርድ፣ በባልዲ የተዘጋጀውን ሙቅ ውሃ በጭልፋ ቀስ እያሉ ማፍሰስ ያስፈልግ ነበር። ይህን ሁለት ጊዜ ነግራቸው፣ ናሙናውን የምታቀዘቅዝበት ጎድጓዳ ሳህን ልታመጣ ወደ ቤት ገባች። ስትመለስ ባልዲው ባዶ ነው።

«ደፉት?»

«ደፋሁት። ኳስ ሊጀምር ነው።»

«ጋሼ! በጭልፋ ነው እኮ ያልኩዎት!»

«ውሃ ውሃ ነው። በጭልፋ ቢገባ በባልዲ፣ ያው ይረጥባል።»

የተደፋው ውሃ እህሉን አልፎ በቧንቧው ወደ ድስቱ ወረደ። አጎቷም ራሳቸው ከድስቱ በጭልፋ ቀድተው ናሙናውን አቀበሏት። ውሃው ሲቀዘቅዝ ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ገልብጣ መለኪያዋን ጣለችበት። መለኪያዋ እስከ አንገቷ ሰመጠች። ልጅቱ ሻጩ ከረጢቱ ላይ የጻፈውን ኪሎ ይዛ አሰላችና «አርባ አምስት» አለች።

«ከመቶው? ግማሹ እንኳ አልገባም?»

«በዚህ ናሙና አልገባም፤ ግን እኮ...»

«ግን የለም! ሰርቆኛል!»

«ማን?»

«ማን ይሆናል? ያ ባለወፍጮ! የአባቴን ቤት የበላ ብቅል ይተዋል?» ስልካቸውን አወጡና «ና! አሁኑኑ ና!» ብለው ጮኸው ዘጉት።

ልጅቱ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ቅድም በመለኪያዋ ሲያፌዙ የነበሩት ሰው አሁን ሊምሉባት ደርሰዋል። ሰው ቁጥርን የሚጠላው ሐሳቡን ሲቃወመው ነው፤ ጥርጣሬውን ሲደግፍለት ግን ከየት መጣህ ሳይል ያቅፈዋል። ወፍጮ ቤቱ ደግሞ እዚያው ሰፈር ነው። ባለወፍጮው ደርሰው ይህን ስድብ ከሰሙ፣ የወራት ልፋቷ ዛሬ እዚሁ ጓሮ መቀበሩ ነው። ያውም በገዛ መሣሪያዋ!

«ቅድም የናቋትን አሁን ምስክር አደረጓት?»

«እውነቱን ስትናገር ነዋ።»

«እሺ፣ ምስክር ከሆነች መስቀለኛ ጥያቄ አለባት። ከየት ነው የቀዱት?»

«ከድስቱ! ከጎረቤት ልቅዳ?»

«ከላይ ወይስ ከታች?»

«ከላይ ነዋ። ለመቅዳት ልጥለቅበት?»

ልጅቱ ከድስቱ ግርጌ ያለውን ቧንቧ ከፍታ ሌላ ናሙና ቀዳች፣ አቀዘቀዘችው፣ መለኪያዋን ጣለችበት። መለኪያዋ ዘለል ብላ ቆመች።

«ከዘጠና በላይ» አለች።

ሾፌሩ ዓይናቸውን አሹ። «እንዲያ ከሆነማ ጨምሮልኛል ማለት ነው።»

«አልሰረቁም፣ አልጨመሩም! መጨረሻ የገባው ቀጭኑ ውሃ ከላይ ተኝቷል፤ ወፍራሙ ከታች ነው። ሳያማስሉ ቀድተው የአንድ ወገን ወሬ ብቻ ሰሙ። እርስዎ ራስዎ የአንድ ወገን ወሬ ሰምቶ የሚፈርድ ሽማግሌ ቢያዩ ምን ይላሉ?»

«ሽማግሌ አይደለም፣ ወሬኛ ነው እላለሁ» አሉ ሳይወዱ።

ረጅሙን ማማሰያ ሰጠቻቸው። አማሰሉ። ሦስተኛው ናሙና ስድሳ ስምንት አለ።

«ለጀማሪ መጥፎ አይደለም» አለች።

«የቀረውስ የት ገባ?»

ወደ በርሜሉ ወሰደቻቸው። ከመሀሉ አንድ እፍኝ ገለባ አንስታ «ይቅመሱ» አለች። አላመጡት፤ ገና ይጣፍጣል። ከዳሩ ሰጠቻቸው፤ ጣዕም የለውም።

«ውሃውን አንዴ ሲደፉት በዳር በዳር መንገድ አበጅቶ ሾለከ። መሀሉን አልነካውም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እርስዎ ግን አፍሰው ሌባ ጠሩ።»

ሾፌሩ ገለባውን ተፉ። «እንግዲህ ወንድሜ ንጹሕ ነው በይኛ።»

«መሰለኝ እንጂ ልምልልዎ አልችልም።»

«አሁን ደግሞ!»

«አልመዘኑማ! ያልመዘነ ሰው መክሰስ አይችልም፤ ነጻ ማውጣትም አይችልም። ሚዛን በዘመድ ፊት ነውር ነው አሉኝ። ፊት ለፊት አንድ ጊዜ መመዘንና ዕድሜ ልክ በሆድ መጠርጠር፣ የቱ ነው ነውሩ? የአያቴን ቤት በሜትር ለክታችሁ፣ አስፈርማችሁ ብትካፈሉ ኖሮ ይህን ሁሉ ዓመት ትኳረፉ ነበር? “በመተማመን” ብላችሁ በዓይን ከፈላችሁት፤ ከዚያ ዓይን ለዓይን መተያየት አቃታችሁ።»

አጎቷ ሊመልሱላት አፋቸውን ከፍተው ነበር። ግን በሩ ተንኳኳ።

ባለወፍጮው የገቡት ዱቄት ከሽፋሽፍታቸው ሳይራገፍ፣ በአንድ እግራቸው ጫማ በአንዱ ነጠላ ጫማ አድርገው ነው። «ምንድን ነው? ማን ሞተ?» እያሉ ያለከልካሉ።

ሾፌሩ ማማሰያውን አስቀመጡ። «ማንም አልሞተም። ብቅሉ አነሰኝና ... አንተን ጠረጠርኩ። የጠራሁህ ልሰድብህ ነበር። ጥፋቱ የራሴ ሆኖ ተገኘ።»

ባለወፍጮው ባልዲውን ደፍተው ቁጭ አሉበት።

«እኔ እኮ ወንድም ጋሼ፣ ከረጢቱን ስታስረክበኝ “እንመዝነው” ልልህ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አላመነኝም ብለህ እንዳትቀየመኝ ፈራሁ። እንዳይጎድል ብዬ ወፍጮው ሥር የፈሰሰውን ሳይቀር ጠርጌ ነው የጨመርኩልህ።»

«ጠርገህ?»

«በመጥረጊያ።»

«ለዚህ ነዋ ጠዋት ብቅሉን ስቀምስ ጠጠር ጥርሴን ሊሰብረው የነበረው!»

ተያዩና ሳቁ። ልጅቱ ግን ወዲያው አልሳቀችም። ሁለት ወንድማማቾች አንዲት ቃል አፍረው ሳይናገሩ ቀርተው፣ አንደኛው ሌባ ሊባል፣ ሌላኛው ጠጠር ሊበላ መድረሱ አናደዳት።

በዚህ ታሪክ የቢራው ነገር ትንሹ ነው። ከማስፈጨት በፊትና በኋላ የመዘነ ሰው የጎደለውን ያውቃል፤ አማስሎ የለካ ሰው ድስቱን በሙሉ ያውቃል፤ ቀስ ብሎ ያጠበ ሰው ከዚያው እህል የበለጠ ያገኛል። ሚዛን የወንድምን ታማኝነት ይመሰክራል እንጂ አያዋርድም፤ በዓይን ግምት የተከፋፈለ ቤት ግን ከግድግዳው ይልቅ ኑሮው ይሰነጠቃል። ትምህርት ከሩቅ አገር ይምጣ ከቅርብ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ሳይጠይቅ ከቀረ ከንቱ ሸክም ነው።

ሾፌሩ ይህን ትምህርት ተቀበሉ፤ ችግሩ ከልክ በላይ መቀበላቸው ነው። ለሚቀጥለው ጠመቃ ልጅቱ ወደ ወፍጮ ቤቱ ስትሄድ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ከረጢቱን ሚዛን ላይ ሰቅለው፣ ግንባር ለግንባር ገጥመው አገኘቻቸው።

«መርፌዋ መስመሩን አልፋለች!»

«አላለፈችም፣ አንተ በጎን ሆነህ ነው የምታያት። ና በእኔ በኩል ቁም።»

«ጋሼ፣ ጓሮዎ የተጣደው ውሃ እየገነፈለ ነው!» ብላ ጮኸች።

ሁለቱም ዞር አላሉም። «ይገንፍል» አሉ ሾፌሩ፤ «ወንድሜ የሚያየውን ሳላይ የትም አልሄድም።» ከዚያም ወደ ታናሻቸው ጎን ዞረው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆሙ።