ወይዘሮ ፀዳለ ተክለጻድቅ እና በአቡጀዲው ላይ ያለፈው ምርኮኛ

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ ከይርጋ ጨፌም ከጨለለቅቱም የሰኔን ጭቃ አቋርጣችሁ እኅቴን ለመሸኘት የመጣችሁ ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። እኔ ታናሽ ወንድማቸው ሠረቀብርሃን ተክለጻድቅ ይህን ጽሑፍ የማነበው በራሳቸው ትእዛዝ ነው። ከማረፋቸው ከአራት ቀን በፊት አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠውኝ፣ «አልቃሽ እንዳታስጠራብኝ። የምታነበውንም እንዳታጣፍጠው፤ የጠላሁትን ጠላች በል፤ ያንተንም ነገር አትዝለል» ስላሉኝ፣ የቀብር ወግ የሚጠይቀውን ምስጋና ብቻ ሳይሆን የተጸየፉትንም ጭምር እንዳሰማችሁ ፍቀዱልኝ።

ወይዘሮ ፀዳለ ከአባታቸው ከአቶ ተክለጻድቅና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውዳሴ ሰብስቤ በ1885 ዓመተ ምሕረት በቡልጋ ተወለዱ። አባታችን በጽሕፈት ሥራ ተመድበው ወደዚህ ወደ ዲላ ሲመጡ እርሳቸው የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ገና በአንቀልባ ነበርሁ። ሴት ልጅ ማስተማር ባልተለመደበት በዚያ ዘመን አባታችን ማታ ማታ ፊደል አስቆጥረዋቸው ዳዊት እስከ መድገም ደርሰው ስለ ነበር፣ ኋላም የሱቃቸውን ደብዳቤ ለማንም ሳያስጽፉ በገዛ እጃቸው ይጽፉ ነበር። ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱም ከጨርቅ ነጋዴው ከአቶ ይርጉ ጋር በተክሊል ተጋብተው ከፈለኝንና እታገኝን ወለዱ። ነገር ግን በ1911 ዓመተ ምሕረት የኅዳር በሽታ ባለቤታቸውን በሦስት ቀን ስለ ነጠቃቸው፣ ሁለቱን ሕፃናት ይዘው በሃያ ስድስት ዓመታቸው መበለት ሆኑ። ዘመዶቻችን ወደ ቡልጋ እንመልስሽ ቢሏቸውም እምቢ ብለው፣ ሁላችሁም የምታውቁትን የአቡጀዲና የክር ሱቅ ተረክበው እስከ ዕለተ ሞታቸው ዲላን ሳይለቁ ኖሩ።

እኅቴ የሚወዱት ጥቂት፣ የሚጸየፉት ብዙ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከጨው ነጋዴው ከአቶ አህመድ ባለቤት ከወይዘሮ ሀዲጃ ጋር በረንዳቸው ላይ ገበጣ መጫወት ይወዱ ነበር። ሁለቱ ሃይማኖት ሳይለያቸው ለሃያ ዓመት ያህል በዚያ በረንዳ ላይ ተሸናንፈዋል። በገበያ ቀን የጌዴኦ ጎልማሶች ቡና ተሸክመው ቁልቁለቱን ሲወርዱ የሚቀባበሉትን ዜማ ለመስማት ሱቃቸውን ጥለው እመንገድ ዳር ይቆሙ ነበር። የሚወዱትም አንድ ማሲንቆ መቺ ነበራቸው፤ ከማንም ፊት ቆሞ ማንንም አያወድስም ነበርና። ከዚህ ውጭ ግን ዘፈን ሲዘፈን የሚያወራ ሰው ያንገሸግሻቸው ነበር። ጥርሱን እየፋቀ ሱቅ የሚገባ፣ በመንገድ ላይ የሚያፏጭ፣ ሰክሮ የሚያለቅስ፣ ሟቹን በሕይወቱ ሳያውቀው በገንዘብ ሙሾ የሚያወርድ፣ እነዚህን ሁሉ ሲያዩ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይይዙ ነበር። እኛም ቤተ ዘመዶቻቸው እንስቅባቸው ነበር።

ሳቃችን የቀረው በ1928 ዓመተ ምሕረት ነው። ከፈለኝ በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ የወይዘሮ ሀዲጃ የበኩር ልጅ ሰይድም ከእርሱ ጋር፣ ወደ ዶሎ ግንባር ዘመቱ። ሁለቱ እናቶች ቆሎና ጭብጦ አንድ ላይ ሠርተው፣ ስንቁን ለሁለት ከፍለው ልጆቻቸውን እስከ ከተማው ዳር ሸኟቸው። ጦሩ መፈታቱን ሰማን፤ የተመለሱትንም አየን፤ የሁለቱ ልጆች ወሬ ግን ሳይሰማ ቀረ። በማግሥቱ ዓመት ጣልያን ዲላ ገባ።

ያን ጊዜ የእኅቴ ጥየፋ ከቀልድነት ወጣ። ጣልያኖች በሱቃቸው ፊት ለፊት መሸታ ቤት ከፍተው ከቀትር ጀምሮ የሸክላ ዘፈን ያስጮኹ ጀመር። የሰፈሩን ሕፃናት አሰልፈው እጅ እየዘረጉ የሮማን መዝሙር እንዲያዜሙ አስተማሯቸው። የተከበሩ የጌዴኦ ሽማግሌዎችን ከየመንደራቸው እየነዱ አምጥተው፣ ፎቶግራፍ ለማንሣት ሲሉ ብቻ ያለ በዓል በፀሐይ አስጨፈሯቸው። እኅቴ ይህን ባዩ ቀን ምግብ አልቀመሱም። ያ የሚወዱት ማሲንቆ መቺም አንድ ጧት በራቸው ላይ ቆሞ የጣልያኑን ሹም ስም እየጠራ ሲያወድስ በሰሙት ጊዜ፣ በሩን ዘጉበት። ከዚያ ወዲያ ማሲንቆ ሲሰሙ አላየሁም።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ግን የከፋው ነገር የመጣው ከቤታቸው ነው። በወጣትነቴ አዲስ አበባ በአንድ ጣልያናዊ ነጋዴ ቤት ስሠራ ቋንቋቸውን ለምጄ ነበርና፣ ለከተማው የጣልያን ሹም አስተርጓሚ ሆኜ ገባሁ። ማንም አላስገደደኝም። እኅቴ በሰሙ ዕለት ወደ ቤቴ መጥተው፣ «ሌባ ብትሆን እደብቅህ ነበር፤ ይኼን ግን የት አደርገዋለሁ?» ብለውኝ ሄዱ። ከዚያም ለሁለት ዓመት ያህል አላናገሩኝም፤ በመንገድ ስንተላለፍም ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ያነሡ ነበር።

በ1931 ዓመተ ምሕረት በጋ ላይ ሲኒማ የሚያሳይ መኪና ወደ ዲላ መጣ። ሥዕሉ የሚወርድበት ሰፊ ነጭ ጨርቅ ስላስፈለገ ወታደሮች ከእኅቴ ሱቅ አንድ ጣቃ አቡጀዲ ወስደው፣ በዚያው ቀን ሰፍተው እንዲያስረክቡ አዘዟቸው። ሰፍተው አስረከቡ። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ጀንበር ስትጠልቅ ሕዝቡ በገበያው ሜዳ እየተሰበሰበ፣ አውሮፕላን ቦምብ ሲጥል፣ ከተማ ሲያዝ፣ ባንዲራ ሲሰቀል እንዲያይና እንዲያጨበጭብ ተገደደ። እኔ ከአቡጀዲው ጎን ቆሜ የሚታየውን በአማርኛ አስረዳለሁ። በሥዕሉ ላይ ምርኮኞች በሰልፍ ሲያልፉም፣ «እነሆ ሽፍቶቹ እጃቸውን ሰጡ» እንድል ታዝዤ ነበርና እንዲሁ እል ነበር።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከእነዚህ ምርኮኞች መካከል ጣሳ የተሸከመ አንድ ልጅ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ አየሁ። ከፈለኝን መሰለኝ። ሽፍታ የሚለውን ቃል ሳልጨርሰው ቀረሁ። በማግሥቱ እሑድ ወደ እኅቴ በረንዳ ሄጄ፣ ከወይዘሮ ሀዲጃ ጋር ገበጣ እየተጫወቱ ሳሉ፣ «እትዬ፣ ቢጠሉኝም ይስሙኝ፤ ከፈለኝን በሲኒማው ያየሁት መሰለኝ» አልኳቸው። እኅቴ ጠጠሩን እንደ ያዙ ቀሩ። ወይዘሮ ሀዲጃ ግን ብድግ ብለው፣ «አብሮት ሌላ ልጅ የለም? የኔስ? የኔስ ሰይድ?» እያሉ እጄን ያዙኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱም መጡ። ሥዕሉ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ብቻ የሚያልፍ በመሆኑ አንዳቸውም እርግጠኛ መሆን አልቻሉም። ወይዘሮ ሀዲጃ የትከሻው አያያዝ የሰይድ ነው ሲሉ፣ እኅቴ አንገቱ የከፈለኝ ነው አሉ። እንዲህ እየሆነ እኅቴ አምስት ቅዳሜ ተመላለሱ። ከፊት ካልተቀመጡ በደንብ አይታይም፤ ከፊት የተቀመጠ ደግሞ ካላጨበጨበ ዘበኞቹ ያስነሡታል፤ ስለዚህ እኅቴ አጨበጨቡ። ከዚህ የቆማችሁ አንዳንዶቻችሁ ያን ጊዜ «ባለ ሲኒማዋ» እያላችሁ ከሱቃቸው መግዛት መተዋችሁን አውቃለሁ። የማታውቁት ግን ቤታቸው ሲገቡ እጃቸውን በአመድ ሁለት ጊዜ ይታጠቡ እንደ ነበርና፣ ልጃቸው እታገኝ ውሃ ስታፈስስላቸው «ጨምሪ፣ አልለቀቀም» ይሏት እንደ ነበር ነው።

በመጨረሻ እኅቴ፣ «ማሽኑን የሚያዞረው ሰውዬ እዚያች ላይ ቢያቆምልን ምን ይፈልጋል?» ብለው ጠየቁኝ። ሰውዬው ጠጅ እንደሚወድ ነገርኳቸው። ሰካራም በደጃቸው ሲያልፍ ፊታቸውን የሚያዞሩት እኅቴ፣ እያንገሸገሻቸው ጠጅ ጥለው አንድ ገንቦ ላኩለት። ያ ጣልያን በባሕርዩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፊልም ሲቆም በመብራቱ እንደሚቃጠል ነግሮኝ ነበር፤ ለሁለት ሦስት ትንፋሽ ያህል ብቻ ግን እሺ አለ።

በዚያ ቅዳሜ ጣሳ የተሸከመው ልጅ ፊቱን ሲያዞር ሥዕሉ ቆመ። ከጭንቅላቱ እስከ ደረቱ አቡጀዲውን ሞልቶ፣ ከንፈሩ በውሃ ጥም የተሰነጣጠቀ፣ ዓይኖቹ እኛን የሚያዩ፣ ጉንጩ የጎደለ አንድ ወጣት ፊት ለፊታችን ቆመ። ወይዘሮ ሀዲጃ፣ «ሰይዴ! ያ ረቢ፣ ልጄ ነው! እትዬ ፀዳለ፣ ልጄ ነው አይደል?» ብለው ጮኹ። እኅቴ ዓይናቸውን ከፊቱ አልነቀሉም። ከዚያም፣ «አዎ ሀዲጃ፣ ያንቺው ነው። እንኳን ደስ ያለሽ» አሏቸው። ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ በልጁ ጉንጭ ላይ አንዲት ቡናማ ነጥብ ታየች፤ ነጥቧም እየሰፋች አፉን፣ ዓይኖቹን፣ ግንባሩን በላቻቸው፤ አቡጀዲውም ባዶውን ቀረ።

ከመኪናው ውስጥ እሳት ተነሥቶ ፊልሙ በሙሉ ተቃጠለ። ሹሙም ሥዕሉን ያስቆምኩት እኔ መሆኔን ሰምቶ በማግሥቱ በገበያው መካከል ሠላሳ ጅራፍ አስገርፎኝ ከሥራዬ አባረረኝ። ጀርባዬን ያጠቡት፣ ቅቤም የቀቡት እኅቴ ናቸው። እየቀቡኝም ሳሉ፣ «እትዬ፣ እውነት ሰይድ ነበር?» ስል ጠየቅኋቸው። «እኔ ምን አውቃለሁ» አሉኝ። «እሷ እርግጠኛ ሆነች፤ እኔ አልሆንኩም። ለሁለት እናት የሚበቃ ፊት አልነበረም።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ነገር አንሥተው አያውቁም።

ባለፈው ግንቦት ጣልያን ከተማችንን ለቆ ሲወጣ እኅቴ በሳንባ ሕመም አልጋ ይዘው ነበር። ሳል ሌሊትና ቀን አላስተኛ ብሏቸው ሳለ እንኳ፣ ከሞቃዲሾ በኩል ከምርኮ የሚመለስ ሰው አለ በተባለ ቁጥር ወደ መንገድ ዳር አውጡኝ እያሉ፣ በወሳንሣ ተሸክመናቸው ይጠይቁ ነበር። ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሰይድ አህመድ በእግሩ እያነከሰ ዲላ ገባ። እናቱ ከደስታቸው የተነሣ ሲጮኹ ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። በማግሥቱ ግን ወይዘሮ ሀዲጃ ብቻቸውን ወደ እኅቴ ቤት መጥተው ከአልጋው ሥር ተንበረከኩ። «እትዬ፣ ሰይድ አንድ ቀንም ተማርኮ አያውቅም። ከገናሌ ወንዝ ማዶ ቆስሎ ከብት ጠባቂዎች ደብቀው አኖሩት። ያ ልጅ እሱ አልነበረም። የእርስዎን ልጅ ፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ታቅፌ ኖርኩ፤ ከእጅዎ ነጠቅኩዎት» ብለው አለቀሱ። እኅቴ ከትራሳቸው ቀና ብለው የወይዘሮ ሀዲጃን ራስ ዳበሱና፣ «ተይ አታልቅሺ። ወይ የኔ ነው፣ ወይ የሌላ እናት ልጅ ነው። የማንም ይሁን፣ የሚያቅፈው አላጣም» አሏቸው።

ይህን ከተናገሩ ከዐሥራ ሁለት ቀን በኋላ፣ ከትናንት በስቲያ ጧት፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው በአርባ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ዛሬ ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ ከተሸከሟቸው አራት ሰዎች አንዱ ሰይድ ነው።

አትዝለል ያሉኝን አልዘለልኩም። በዚያ አቡጀዲ አጠገብ ቆሜ የእናንተን ወንድሞችና ልጆች፣ ምናልባትም የገዛ እኅቴን ልጅ፣ ሽፍታ ብዬ የጠራሁት እኔ ነኝ። ከግርፋቱ በኋላ ብዙዎቻችሁ ዋጋዬን የከፈልኩ አድርጋችሁ ቆጠራችሁልኝ፤ የተገረፍኩት ግን ፊልሙ በመቃጠሉ እንጂ እናንተን በመበደሌ አልነበረም። እናንተን ገና ይቅርታ አልጠየቅኩም ነበርና፣ በሬሳቸው ፊት ቆሜ ይቅር በሉኝ እላለሁ።

«ወይዘሮ ፀዳለ ተክለጻድቅ አንድ ወንድም፣ አንዲት ሴት ልጅና ሁለት የልጅ ልጆች ትተው ሄደዋል» ብዬ ነበር በመጀመሪያ የጻፍኩት። ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ የከፈለኝን ስም ከአባቱ ከአቶ ይርጉ ቀጥዬ፣ በሞት ቀድመዋቸው ከሄዱት ጋር ጽፌው ነበር፤ እኅቴ እንዳነብላቸው አድርገው ከሰሙ በኋላ ብዕሩን ከእጄ ወስደው ሰረዙት፤ ከታች በሕይወት ካሉት መካከል፣ ከእታገኝ ስም በላይም፣ «የመጀመሪያ ልጃቸው ከፈለኝ ይርጉ» ብለው ራሳቸው ጻፉት። ስለዚህ እንዲህ ተብሎ ይነበብ፦ ወይዘሮ ፀዳለ አንድ ወንድም፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጆች፣ ሁለት የልጅ ልጆችም ትተው ሄደዋል። ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋግ እናቶች ጋር ያሳርፍልን፤ በመንገድ ላይ ያለውንም ልጅ፣ የማንም እናት ልጅ ይሁን፣ እቤቱ ያድርስልን። አሜን።