የእግረኛው መብራት ማንም ሳይሻገር ለምን በራ

የምስክሩ መጠሪያ፦ ፊሽካው (መታወቂያቸው ታይቷል)
ዕድሜ፦ 74
ሥራ፦ ጡረተኛ ትራፊክ ፖሊስ
አድራሻ፦ ከመስቀለኛው መንገድ ፊት ለፊት፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቃል የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡15

ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ቀርቤ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። በትራፊክ መቆጣጠሪያ ክፍል የምትሠራው የልጅ ልጄ የመብራቱን ሰዓት ያለፈቃድ ለውጣለች ተብላ ከሥራ መታገዷን የሰማሁት ትናንት ምሳ ላይ ነው። እሷ የለወጠችው ነገር የለም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

በዚያ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሜ መኪና አስተናብሬያለሁ። ባለፈው ዓመት የመብራቱ ምሰሶ ላይ ካሜራ ተሰቀለ፣ አስፋልቱ ሥር መኪና የሚቆጥር መሣሪያ ተቀበረ፣ መብራቱም በኮምፒውተር እየታዘዘ መሥራት ጀመረ። የልጅ ልጄ ሕፃን ሳለች መስኮት ላይ ሆና የእጄን ምልክት ስታስመስል ትውል ነበር። አሁን ወሬዋ ሁሉ ስለዚያ ምሰሶ ነው። «አባባ፣ እሱ እኮ አራቱንም አቅጣጫ በአንዴ ያያል» አለችኝ። «እኔስ ዕውር ነበርኩ?» ብላት፣ «አንተማ ቆንጆ ሾፌር ስታይ ሌላውን ታስቆም ነበር አሉ» ብላ ሳቀችብኝ። ነገሩ እውነት ቢሆንም አንገበገበኝ።

ሰኞ ከጠዋቱ 2፡10 ላይ ሦስት ጡረተኛ ጓደኞቼን ይዤ ዜብራው ጫፍ ቆምኩ። ካሜራው ሊሻገር የቆመ ሰው ሲያይ መኪና እንደሚያስቆም ከልጅ ልጄ አፍ ሰምቻለሁ። እኛ ወሬ ያዝን እንጂ አልተሻገርንም። መብራቱ መኪናዎቹን አስቆመልን፤ ንቅንቅ አላልንም። ደግሞ አስቆመልን። አንደኛው ጓደኛዬ «ምስኪን፣ እንዴት ያለ ሰው አክባሪ ነው» አለ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ የመኪናው ሰልፍ ከታች ያለውን ድልድይ አልፎ ሄደ። ያኔ ፊሽካዬን ነፍቼ መሃል ገባሁና መንገዱን ከፈትኩ። ሁለት ሾፌሮች አጨበጨቡልኝ። ማክሰኞም ደገምነው።

የልጅ ልጄ ሁለቱንም ቀን በስክሪን አይታኛለች። አለቃዋ ሲጠይቃት ግን «ሰዓቱን ሳላውቅ ነክቼው ይሆናል» ብላለች። «ለምን አልተናገርሽም?» ብላት፣ «እንደዚያ ደስ ብሎህ ካየሁህ ስንት ጊዜ ሆነኝ» አለችኝ።

መርማሪው የድርጊቱን ምክንያት «ለጨዋታ» ብሎ ሊጽፍልኝ ነበር፤ ደግ ልጅ ነው፣ አዘነልኝ። እኔ ግን «ቅናት» ተብሎ እንዲስተካከል ጠይቄ ተስተካክሏል። ሰው በሰው ይቀናል፤ እኔ በምሰሶ ቀናሁ። ካሜራው አራት ሰው ቆሟል ብሎ መዝግቦ ከሆነ አልዋሸም፤ ረጅሙ እኔ ነኝ።

ይህ ቃል ተነቦልኝ ያልኩት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሐሰት ከተገኘበት እኔ በሕግ ልጠየቅ፤ እሷ ግን ነገ ጠዋት ሥራዋ ላይ ትገኝ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
የመርማሪው ፊርማ ____________